ቁልፉ በማን ስም ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። በተለይ ኔትወርክ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ አሁን በየሰፈሩ ዌብሳይት እየሠራችሁ እንጀራችሁን የምትበሉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መጨረሻ ላይ ይቅርታ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ባለፈው ጳጉሜን 2 ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለች። እዚሁ ለገጣፎ አንድ ክፍል ቢሮ ተከራይታ ዌብሳይት ትሠራለች። አሥራ አራት ደንበኞች አሏት። የእንጨት ሥራ ቤት አለ፣ የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለ፣ ከሁሉም ትልቁ ደግሞ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። የሁሉም ዌብሳይትና ኢሜይል ያለው ውጭ አገር በተከራየችው አንድ ሰርቨር ላይ ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ልረብሽዎት ነው። ሰርቨሩ ሞተብኝ» አለችኝ። ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የአዲስ ተማሪዎችን የምዝገባ ቀን ቀይሯል። ዌብሳይቱ ላይ የተጻፈው «እስከ መስከረም 3» ነው። ዳይሬክተሯ ግን «ጳጉሜን 4 እንዘጋለን፤ ዛሬውኑ አስተካክዪልን» ብለዋታል። ልጅቷ ልታስተካክል ስትሞክር ምንም አይከፍትላትም። ዌብሳይቱም፣ የአስተዳዳሪ ገጹም፣ ኢሜይሉም። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቆይና «ጊዜው አልፏል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም።

መጀመሪያ ያደረገችውን ገምቱ። ማናችንም የምናደርገውን ነው ያደረገችው። «ኔትወርክ ሄዷል» ብላ ራውተሩን አጥፍታ አበራች። አሁንም የለም። ጎረቤት ሱቅ ጠየቀች፤ እነሱ ዩቲዩብ እያዩ ነው። ቀጥሎ «ተጠለፍኩ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ኢንተርኔት ሊዘጋ ነው እንዴ?» አለች።

አትፍረዱባት። እኛ አገር ዝም ያለ ስክሪን ብዙ ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፍቶብናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው የተከፈቱት በሐምሌ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኬብል ይቆረጣል፣ ጥቅል ያልቃል። እንዲህ በለመደ ሕዝብ ፊት ዝም ብሎ የሚዘጋ ሰርቨር ሰውን ያሳብዳል። ሌላ አገር ያለ ባለሙያ በአምስት ደቂቃ የሚደርስበትን ምክንያት እኛ ግማሽ ቀን የምንፈልገው ስለማናውቅ አይደለም። የምንጠረጥረው ስለበዛ ነው።

«ስልክሽን ከዋይፋይ አውጪውና በዳታ ሞክሪው» አልኳት። ከፈተ! ወዲያው ገባኝ። ሰርቨሩ አልሞተም፣ አልተጠለፈም። የቢሮዋን አይፒ አድራሻ ብቻ ነው ብሎክ ያደረገው።

እዚህ ላይ ከሙያው ውጭ ላላችሁ ወዳጆቼ ትንሽ ላስረዳ። አይፒ አድራሻ ማለት ከየትኛው መስመር እንደመጣችሁ ለሰርቨሩ የሚነግር ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ ቀን ከሌት በሩ ይንኳኳል፤ ከዓለም ዙሪያ ፓስወርድ እየገመቱ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ ሰርቨሩ ዘበኛ ይቀጠርለታል። ለምሳሌ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፌይል ቱ ባን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ማንም ካልቀየረው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። ጠንከር ያሉት ደግሞ ደጋግሞ የተሳሳተን ለዘለቄታው ይዘጋሉ፤ ሲዘጉም አንዱን በር ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው።

የተማሪዬ ጥፋት ምን መሰላችሁ? ጥሩ ሥራ መሥራቷ። አዲስ ዓመት መጣ ብላ፣ ጳጉሜን 1 የደንበኞቿን ኢሜይል ፓስወርድ በሙሉ ቀይራለች። ላፕቶፗ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ግን የድሮውን ፓስወርድ እንደያዘ ነው። በየጥቂት ደቂቃው አሥራ አራቱንም የኢሜይል ሳጥን በድሮው ፓስወርድ ሊከፍት ይሞክራል። እሷ ሻይ እየጠጣች ላፕቶፗ በስሟ በር ይደበድባል ማለት ነው። ዘበኛው ምን ያድርግ? ዘጋ።

ይሄን ሳልነግራት በፊት ግን ሌላ ነገር አደረገች። በስልኳ እንደከፈተ ስታይ በደስታ ስልኩን ዘጋችብኝ፣ ሆትስፖት አበራች፣ ላፕቶፗን አገናኘች። ሌባውን አብራ ይዛው ገባች! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የስልኳ መስመርም ተዘጋ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከእሷ አልፎ ሰው የነካው። የሞባይል ዳታ አድራሻ የአንድ ሰው አይደለም። የቀድሞው ዓይነት አይፒ አድራሻ በዓለም ላይ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ዋናው ዓለም አቀፍ ማከማቻ በ2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። ስለዚህ የስልክ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ያወጣሉ፤ ልክ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች በአንድ የግቢ በር እንደሚወጡት። በሩ ላይ «ከዚህ ግቢ ሰው አይግባ» ከተባለ በአንዱ ዳፋ ሁሉም ይቀራል። የዚያን ቀን ማታ አንዳንድ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ እየደወሉ «ዌብሳይታችሁ ጠፍቷል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ እንዴ?» ማለት ጀመሩ።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ዊኪፒዲያ ገጽ የሚያበላሽን አንድ አድራሻ ሲዘጋ፣ አድራሻው የኳታር አገር በሙሉ የሚወጣበት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሰው ጥፋት አገሩ ሁሉ አካውንት ሳይከፍት ጽሑፍ ማረም ተከለከለ። ነገሩ ሲታወቅ ወዲያው ነው የተነሳው። አድራሻ ሰው አይደለም። ዘበኛ የሚቀጥሩ ሰዎች ይሄን ማስታወስ አለባቸው።

ዳይሬክተሯ በማግስቱ ጠዋት ደወሉላት። «የኔ ልጅ፣ ገንዘብ ጨምሩ ለማለት ነው የዘጋሽብን?» አሏት። ይቺ አረፍተ ነገር ከብሎኩ በላይ ጎዳቻት። አራት ዓመት ያገለገለቻቸው ሰው ናቸው።

ጳጉሜን 3 የእኔን ስልክ ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ። እኔ የምጠቀመው የሌላውን ኩባንያ ሲም ስለሆነ አድራሻው ሌላ ነው። መጀመሪያ የላፕቶፑን ኢሜይል ፕሮግራም ዘጋን። ከዚያ በእኔ ስልክ ወደ አስተዳዳሪ ገጹ ገባን። ስምና ፓስወርዱን ተቀበለ፤ «እፎይ» አልን። ቀጥሎ የመጣው ግን ይሄ ነው፦ ከማናውቀው ቦታ ስለመጣችሁ ማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል ልከናል።

«ኢሜይሉ የማን ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። የአክስቷ ልጅ ነው፤ አሜሪካ ያለው።

ይሄን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሰርቨር ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። እጃችን ላይ ያለው የባንክ ካርድ ደግሞ በአብዛኛው ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍላል፣ እኛ እዚህ ብሩን ለእናቱ እንሰጣለን። ካርዱ የእሱ ስለሆነ አካውንቱም በእሱ ስም፣ በእሱ ኢሜይል፣ በእሱ ስልክ ይከፈታል። ደግነት ነው። እግዜር ይስጠው። ዓመት ሁለት ዓመት ማንም ትዝ አይለውም፤ ሥራው ይሠራል።

የአከራዩን ኩባንያ የድጋፍ ክፍል በጽሑፍ አነጋገርናቸው። በጣም ትሁት ሰው ነው የመለሰልን። መልሱ ግን አንድ ነው፦ የአካውንቱ ባለቤት በተመዘገበው ኢሜይል ይጻፍልን። ሦስት ጊዜ አስረዳን፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰ። ልጅቷ ተናደደች። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ትክክል ነው። አንድ ሰው ተነስቶ «ሰርቨሩ የእኔ ነው፣ ክፈቱልኝ» ስላለ ቢከፍቱ ኖሮ፣ ነገ የእናንተንም ለሌላ ይከፍቱታል።

የአክስቷ ልጅ ትልቅ መኪና ነጂ ነው፣ ከስቴት ስቴት። ያገኘነው ጳጉሜን 4 ማታ ነው፣ ለእረፍት መንገድ ዳር ሲቆም። ምዝገባው የተዘጋው በዚያው ቀን ነው። እሱ ደግሞ የዚያን ኢሜይል ፓስወርድ ከረሳ ቆይቷል። ፓስወርዱን ለማስመለስ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ደግሞ አገር ቤት እያለ ይጠቀምበት የነበረው ነው፤ ስንደውልበት ሌላ ሰው አነሳው። ቁጥሩ ተላልፎ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል።

ያዳነን ምን መሰላችሁ? ቤቱ ውስጥ ልጆቹ ካርቱን የሚያዩበት አሮጌ ታብሌት። ያ ኢሜይል እዚያ ላይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ጳጉሜን 5፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሚስቱ ኮዱን በቴሌግራም አነበበችልን። ገባን። የተዘጉ አድራሻዎች ዝርዝር ላይ ሁለቱም የእኛ መስመሮች ቁጭ ብለዋል፣ ምክንያታቸው ጭምር፦ በኢሜይል ተደጋጋሚ የተሳሳተ ፓስወርድ። «አንሳ» የሚለውን ተጫንን። ተነሳ።

ብሎኩን ማንሳት አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ማግኘት ነው ሦስት ቀን የፈጀው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ለገጣፎ የምትኖሩ ይገባችኋል። የለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ የአዲስ አበባን ሕዝብ ያጠጣል። እኛ ሰፈር ደግሞ ባዶ ጀሪካን ደርድረን የምንጠብቅበት ቀን አለ። ውሃው ቅርብ መሆኑ ብቻውን አያጠጣም፤ ጥያቄው ቧንቧውን የሚከፍተው ማን ነው የሚለው ነው። ልጅቷም ሰርቨሩን በራሷ እጅ አቁማዋለች፣ እያንዳንዱን ፋይል ታውቀዋለች። ግን የእሷ አልነበረም።

አሁን አስተያየቴን ልበል። አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ዘበኛውን አታጥፉት። ተማሪዬ እንደገባች መጀመሪያ ያለችው «ቲቸር፣ ይሄን ፋየርዎል ላጥፋውና ልገላገል» ነው። ብዙ ባለሙያም እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሌባ ሳይሆን ባለቤት ስለያዘ ዘበኛ ይባረራል እንዴ? የሚሻለው የቢሮን አድራሻ ከሚታመኑት ዝርዝር ማስገባት ነው፣ ያውም ቋሚ አድራሻ ካላችሁ ብቻ። የሞባይል ዳታ አድራሻ እዚያ እንዳታስገቡ፤ ነገ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ለማታውቁት ሰው በር ከፈታችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዘበኛው ይናገር። ሰርቨር የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ስትዘጉ «አድራሻህ በዚህ ምክንያት ተዘግቷል፣ በዚህ አግኘን» የሚል ገጽ ማሳየት የሚቻልበት ቦታ ሁሉ አሳዩ። «ለሌባ መረጃ መስጠት ነው» የሚል ክርክር አለ። አውቀዋለሁ። ግን ዝምታን በሚፈራ አገር ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። ዳይሬክተሯ የገዛ አገልጋያቸውን የጠረጠሩት ስክሪኑ ምንም ስላላለ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ስሙን አስተካክሉ። «ዶላር ከየት አምጥተን?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ኪራዩም ከብዷል። ግን ካርዱ የማን እንደሆነና አካውንቱ የማን እንደሆነ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ብዙ አከራዮች አካውንቱን በእናንተ ስም ከፍታችሁ በዘመድ ካርድ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ። ያ ካልሆነ ሁለተኛ ተጠሪ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ድጋፍ ክፍሉ ከእናንተም ጋር እንዲነጋገር ማለት ነው። ያም ካልሆነ እዚሁ አገር ውስጥ በብር የሚከፈልበት ሆስቲንግ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ይሰጣል፣ የግሎችም አሉ። ለሁሉም ሥራ ይሆናል አልልም። ግን ችግር ሲመጣ ታክሲ ተሳፍሮ ቢሮ ድረስ መሄድ መቻል ራሱ አንድ ዋጋ ነው።

አራተኛውን ስጽፍ እኔም አፈርኩ። ተማሪዬን ሳጽናና «ያ ትምህርት ቤት ዶሜይኑ በማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። በእሷ ስም ነው። የአሥራ አራቱም። «ደንበኛ ስለማያውቅበት ነው፣ ለእነሱ እንዲቀል ብዬ ነው» አለች። የአክስቷ ልጅም እኮ ያለው ይሄንኑ ነው! ትምህርት ቤቱ በእሷ እጅ፣ እሷ በአክስቷ ልጅ እጅ፣ እሱ በረሳው ኢሜይል እጅ። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ለሌላው እንዲቀል ብሎ ነው ያደረገው። ነገ እሷ ብትታመም፣ ብትሰደድ፣ እግዜር አያድርገውና ብትሞት፣ አሥራ አራት ሰው ስሙን ያጣል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቅደም ተከተሉን ልተውላችሁ። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ሰርቨሩ አልከፍት ሲል መጀመሪያ በሌላ መስመር፣ በስልክ ብቻ፣ ሞክሩ። ከከፈተ ችግሩ አድራሻችሁ ነው። ወዲያው የኢሜይልና የፋይል መላኪያ ፕሮግራሞችን ሁሉ ዝጉ፤ ላፕቶፑን ሆትስፖት ላይ እንዳታገናኙ። ቪፒኤን ላይ ብዙ አትመኩ፤ የነጻዎቹን አድራሻ ብዙ ሰው ስለሚጋራው ቀድሞ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» ብላችሁ ፈልጉና ቁጥሩን ጻፉት፤ ድጋፍ ክፍል መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። መግባት ከቻላችሁ ራሳችሁ አንሱት፣ ካልቻላችሁ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ብሎኩ ጊዜያዊ ከሆነ አንዳንዴ ዝም ብሎ መጠበቅም ይበቃል። ከተነሳ በኋላ ግን ምክንያቱን ሳታስወግዱ አትመለሱ፤ ያው ላፕቶፕ ያንኑ በር መደብደቡ አይቀርም።

ከዚያ በፊት፣ ገና ሰላም ሳለ፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚሄደው ወደየት እንደሆነ እዩ። የመጠባበቂያ ኮዶችን በወረቀት አትማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። የዌብሳይቶቹን ቅጂ እጃችሁ ላይ ያዙ፤ ያን ሳምንት ቅጂ ቢኖራት ኖሮ ገጹን ለጊዜው ሌላ ቦታ ታቆመው ነበር።

አሁን ይቅርታዬ። ብዙዎቻችሁን ፋየርዎል ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋ የሚለውን ቁጥር እንዴት እንደሚሞላ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይቻችኋለሁ። «አካውንቱ በማን ስም ይከፈት?» የሚል ጥያቄ ግን አንድም ቀን ፈተና ላይ አላወጣሁም። ቴክኒክ አልመሰለኝም ነበር። ልጅቷ የምታውቀውን ሁሉ በትክክል ሠራች፤ የጎደላት እኔ ያላስተማርኳት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ፤ ግን ለቀራችሁት ይድረስ።

ምዝገባውን በተመለከተ፣ የድሮውን ቀን አምነው መስከረም ላይ የመጡ ወላጆች ነበሩ። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን ጨምረው ተቀበሏቸው። ተማሪዬን ቢሮ ጠርተው ይቅርታ ጠየቋት፣ ውሉንም አላቋረጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ዶሜይኑን በትምህርት ቤቱ ስም አድርጊልን።» ትንሽ ከፍቷት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት የአሥራ ሦስቱንም ጀመረች።

አንድ ነገር አስቸግራችሁ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምታስተዳድሩትን አንድ አካውንት ክፈቱና ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ያ ሰው ነገ ስልክ ባያነሳ ምን እንደምታደርጉ አስቡ። መልስ ካላገኛችሁ እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ አብረን እናስብበታለን። በውስጥ መስመርም ይቻላል፣ እንደ ድሮው «ቲቸር» በሉኝ እንጂ አትፈሩ።